በሞተርና በሰው መካከል

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የጎንደር ልጆች፣

«ሐኪም ስለ ውድድር መኪና ምን አገባት?» እንደምትሉ አውቃለሁ። የምሠራው አዊ ዞን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ እንጅባራንና ዳንግላን ያልፋል። የተቃጠለ ሰው ሲመጣልን የእኛ ሥራ የሚጀምረው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። የውድድር መኪና ሕግ ግን የሚያወራው ከዚያ በፊት ስላለው ነው።

አዊ ውድድርን ያውቃል። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ኮርቻውን፣ እርካቡንና ልጓሙን ሳያይ የሚወጣ ፈረሰኛ የለም። በመኪናም እንደዚሁ ነው። የአሜሪካው የድራግ ውድድር ማኅበር ደንብ በሞተሩና በሾፌሩ መካከል ከጎን እስከ ጎን፣ ከኮፈን እስከ ወለል የሚደርስ የብረት ግድግዳ ይጠይቃል። ውፍረቱ ለብረት 0.6፣ ለአሉሚኒየም 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃል። ስስ ላሜራ ማለት እኮ ነው! ደንቡ የሚጠብቀው ቀዳዳው ላይ ነው፤ ክፍት ቀዳዳ ሁሉ በብረት መደፈን አለበት።

ስስ ላሜራ እሳት ያጠፋል ወይ? አያጠፋም፤ ለመውጫ ፋታ ይሰጣል እንጂ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ባሕሬን ላይ ሮማን ግሮዣን ከሚነድ መኪና ለመውጣት 28 ሰከንድ ገደማ ወስዶበታል፤ እጆቹ ተቃጠሉ፣ ነፍሱ ግን ተረፈች። እ.ኤ.አ. በ1976 ጀርመን ውስጥ የተቃጠለውን ኒኪ ላውዳን ሰው የሚያስታውሰው በፊቱ ጠባሳ ነው። ሐኪሞቹን ያስጨነቀው ግን ወደ ሳንባው የገባው ትኩስና መርዛማ ጭስ ነበር።

የኮፈን አየር መሳቢያውም የራሱ ሕግ አለው። ሞተሩ አየር እንዲያገኝ ኮፈኑ ላይ ከፍ ብሎ ይሠራል። ከኮፈኑ በላይ ከ28 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ የተወሰነው የሾፌሩን ዕይታ እንዳይጋርድ ነው። ካርቡሬተሩ ላይ ከለላ የሚጠየቀው ደግሞ ነዳጅ ወደ ሾፌሩ ፊት እንዳይረጭ ነው። አየር ለእሳት ምን እንደሆነ ለፋግታ ለኮማ ገበሬ ማስተማር አያስፈልግም። ዲከረንስ ሲያከስል እንጨቱን በአፈር ይመርገዋል፤ አንድ ቦታ ከተሰነጠቀ ከሰሉ አመድ ይሆናል። የመኪና ግድግዳም እንደዚያ ምርጊት ነው።

አሁን ወደ እኛው መንገድ ልምጣ። በቀድሞዎቹ ሃይሶች ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበሮች ሥር ነው። ስለዚህ ግድግዳው ተጋድሞ ክዳን ሆኗል፤ «ሞተር ላይ ግቡ» ሲባልም ሰው የሚቀመጠው እዚያው አጠገብ ነው። የክዳኑ ማሸጊያ ጎማ ካለቀ፣ ለቴፕ ሽቦ በትራፓኖ የተበሳ ቀዳዳ ካልተደፈነ፣ ጭስም ነበልባልም መንገድ አገኘ ማለት ነው። እሳት ባይነሳ እንኳ የሚያፈስ ጭስ ማውጫ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያስገባል። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም። ባልደረቦቼ እንደምታውቁት፣ በጣት የሚታሠረው የኦክስጅን መለኪያም በዚህ ጊዜ 98 እያለ ያታልላል።

ፊቱ የተቃጠለ፣ አፍንጫው ጥላሸት ያለበት፣ ድምፁ የጎረነነ ሰው ሲመጣ የምንፈራው የአየር ቧንቧው እስኪያብጥ ያለችውን ጥቂት ሰዓት ነው። ከእንጅባራ ባሕር ዳር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የቃጠሎ ክፍል ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል ደግሞ አዲስ አበባ ነው። አንድ የጎማ ማሸጊያ ከዚህ ሁሉ መንገድ ይቀድማል፤ ዋጋውም አይወዳደርም።

ትምህርት ቤታችን በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀምር ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን አብረው የሠለጠኑት በሽታ ሳይመጣ ለመከላከል ነበር። በዚያው መንፈስ ሦስት ነገር ልለምናችሁ። የምሕንድስና መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ወደ መናኸሪያና ጋራዥ ላኩልን፤ የሞተር ክዳን አንሥተው ማሸጊያውን፣ የነዳጅ ቱቦውንና ቀዳዳውን ይዩ። በመንገድና ትራንስፖርት ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ለቦሎ ምርመራ ፍሬንና መብራት እንደሚታየው ይህም ይታይ። እኛ ሐኪሞች ደግሞ የቃጠሎ ታሪክ ስንጽፍ «የመኪና አደጋ» ብለን አናቁም፤ የት ተቀምጦ ነበር? እሳቱ በየት ገባ? ብለን እንጻፍ። ያልተጻፈውን ማን ያስተካክለዋል?