የወይራው ነገር

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ እንጨት ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ዋጋው ነው። ማገዶና አጠና ሆኖ አዲስ አበባ ይሸጣል። ገንዘብ የማይተምነው እንጨት ግን አለ።

በመስቀል ደመራው ተቃጥሎ ሲወድቅ፣ በየት በኩል ወደቀ ብለን እናያለን፤ በአመዱም ግንባራችንን እናማትባለን። በኦሮሞ ባህል እናት ልጅዋን ስትድር ሲንቄ የምትባል ቀጭን በትር ትሰጣታለች። ሴቶች ሲንቄ ይዘው በጠበኞች መካከል ከቆሙ ጠቡ ይበርዳል። በትሯ ለመምታት አይደለችም፤ ኃይሏ መከበሯ ነው።

ለእኔ ግን ከሁሉ ወይራ ይበልጣል። ርግቧ ለኖኅ ያመጣችው ቅጠል የወይራ ነው። የወተት ዕቃውና የጠላው ጋን የሚታጠኑት በወይራ ነው። መፋቂያውም፣ የሽማግሌው ከዘራም ወይራ ነው። በባሕር ዛፍ የታጠነ ወተት ማን ይጠጣል!

ችግሩ ባሕር ዛፍ ከጉቶው ቶሎ ያቆጠቁጣል፤ ወይራ ግን ዝግተኛ ነው። ስለዚህ ወይራው በተቆረጠበት ባሕር ዛፍ ይተከላል። አሮጌ ወይራና ጽድ በአብዛኛው የተረፉት በቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው።

ወይራ ማፍላት የፈለገ የበሰለ ፍሬ ለቅሞ ሥጋውን አጥቦ ያውጣ። ፍሬው ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት ስላለው፣ ልቡ ሳይነካ በቀስታ ሰንጥቆ መደብ ላይ ይዝራው። ለማጠኛ ቅርንጫፍ ይበቃል፤ ግንዱ አይነካ።