የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ሸክላዎች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሙዚቃ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ነገራችን ስለ አንድ ማሲንቆና ስለ አንድ ድምፅ ነው።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የታወቁ የግጥምና የጨዋታ ሰው ነበሩ። አውቶሞቢል ወደ አገራችን እንደ ገባ፥ የመኪናን ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ተላኩ። በዚያም በ1908 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ከኢትዮጵያውያን ዘፈኑን በሸክላ በማስቀረጽ የመጀመሪያው እሳቸው መሆናቸው ይነገራል። መኪና ሊማሩ ሄደው ለትውልድ ዘፈን አተረፉ ማለት ነው። ስማቸው እንግዳ ለሆነበት፥ የእግር ኳሱ አባት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ልጃቸው መሆናቸውን ማስታወስ ይበቃል።

እነዚህ ሸክላዎች ከመቶ ዓመት በኋላ በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አሰናጅነት፥ በኢትዮፒክስ ተከታታይ 27ኛ ቁጥር ሆነው እንደ ገና ታትመዋል። እኛም በክበባችን ተሰብስበን ሰማናቸው። በመጀመሪያ ጆሮአችንን የያዘው ጭርጭርታው ነበር፤ «ይህ ምኑ ይሰማል?» ያለም አልጠፋ። ምክንያቱ ግን የታወቀ ነው። በዚያን ጊዜ ሸክላ የሚቀረጸው ያለ ማይክሮፎን ነበር። ዘፋኙ በትልቅ መለከት አፍ ውስጥ ይዘፍናል፤ የድምፁም ኃይል መርፌውን እያንቀጠቀጠ በሰም ላይ ይጽፋል። አንዱ ገጽ የሚይዘው ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ያህል ነው፤ የተሳተውን ቆርጦ ማረም አይቻልም።

ደጋግመን ስንሰማ ጭርጭርታው ወደ ኋላ ቀረ፤ ዜማው ወደ ፊት መጣ። ቫዮሊን አራት አውታር አለው፤ ማሲንቆ ግን በአንዲት የፈረስ ጭራ ብቻ የሰውን ልብ ይነካል።

አዝማሪ መባል በአገራችን ብዙ ዘመን እንደ ስድብ ሲቆጠር ኖሯል። ነገር ግን የስንቱ ባለ ማዕረግ ድምፅ ከመቃብር ሲወርድ፥ የማሲንቆው ድምፅ እነሆ እኛ ዘንድ ሩዋንዳ ሰፈር ድረስ ደረሰ።

ከክበባችን አባሎች ያንዱ አያት ማሲንቆ ተጫዋች ነበሩ። ባለፈው ዓመት ሲያርፉ አንድም ዜማ አልተቀረጸላቸውም፤ እቤት የቀረው ማሲንቆው ብቻ ነው። በዚያው ቤት ግን መቅረጫ ያለው ስልክ ከአራት ሰው ኪስ አልጠፋም ነበር።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፥ የሽማግሌዎችን እንጉርጉሮና ቀረርቶ እንድንቀርጽ ፍቀዱልን። ጓደኞቻችን ሆይ፥ የተጫዋቹን ስም፥ አገሩንና ቀኑን ጽፋችሁ አምጡልን። መምህራኖቻችንም በቤተ መጻሕፍቱ አንድ ስፍራ ይስጡን። ነጋድራስ ተሰማ ጀርመን ድረስ ሄደው ያገኙት ዕድል ዛሬ በእጃችን ነው፤ ሳንሠራበት እንዳይቀር አደራ እንላለን።