አዋጁና ጥቁሩ ሳህን፦ ስለ ቻይና ሻይና ስለ ዕቃዎቹ የቀረበ ንግግር



ቡና የምንጠጣበትን ዕቃ «ሲኒ» እንለዋለን። ቃሉ በዐረብኛ «ቻይናዊ» ማለት ነው፤ ከቻይና ይመጣ ከነበረው ስስ ሸክላ የወጣ ስም ነው። «ሻይ» የሚለውም ከቻይናው «ቻ» ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ በኩል ደርሶናል። ከዚህ በኋላ ግን ንግግሬ በቻይና ምድር ይቆያል። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ የሻይ ዕቃ ለምን ይለወጣል? ዕቃው ቅጠሉን ስለሚከተል ነው እላለሁ፤ ቅጠሉ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የሚከተለው የጠጪውን ምላስ ሳይሆን የመንግሥትን ትእዛዝ ነው። ዘመናቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በ8ኛው ክፍለ ዘመን፣ በታንግ ሥርወ መንግሥት፣ ሉ ዩ «ቻ ጂንግ» የተባለውን የሻይ መጽሐፍ ሲጽፍ ሻይ ተጠፍጥፎ የደረቀ ነበር። ጥፍጥፉ በእሳት ተጠብሶ፣ ተፈጭቶ፣ ጥቂት ጨው በተጨመረበት ውሃ ይፈላል። ሉ ዩ ከነጩ ሳህን ይልቅ አረንጓዴ የሚመስለውን የዩዌ ሳህን የመረጠው የመጠጡን ቀለም ስለሚያሳምርለት ነው።

በሶንግ ዘመን ሥራው እጅግ ረቀቀ። በፉጂያን በሚገኘው የንጉሡ የሻይ እርሻ ለቃሚዎች ፀሐይ ሳትወጣ ይሰማሩ ነበር። ቅጠሉ በእንፋሎት ይበስላል፤ ጭማቂው ተጨምቆ ይወጣል፤ ከዚያም ይላማል፣ በቅርጽ ማውጫ ይታተማል፣ በእሳት ይደርቃል። ጠጪው ጥፍጥፉን እንደ ዱቄት አልሞ፣ በሳህኑ ውስጥ ሙቅ ውሃ ጨምሮ፣ ከቀርከሃ በተሠራ መምቻ ነጭ አረፋ እስኪያወጣ ይመታዋል። አረፋው ቶሎ የጠፋበት በውድድር ይሸነፋል። ነጭ አረፋ ደግሞ በነጭ ሳህን ላይ አይታይም፤ በፉጂያን የጂያን እቶኖች የሚወጡት፣ የጥንቸል ጠጉር የመሰለ ጭረት ያለባቸው ጥቋቁር ሳህኖች የተወደዱት በዚህ ምክንያት ነው። ወፍራም በመሆናቸውም ሙቀት ይይዛሉ። ንጉሠ ነገሥት ሁዪዞንግ ራሱ በ1107 ገደማ በጻፈው የሻይ ድርሳን አወድሷቸዋል። (ይኸው ንጉሥ በኋላ ዙፋኑን አጥቶ በጁርቸኖች ተማርኳል፤ ስለ አረፋ ያወቀውን ያህል ስለ ጦር ማወቁ ያጠራጥራል።)

አሁን ወደ ሚንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች ወደ ሆንግዉ እንምጣ። የድኻ ገበሬ ልጅ ነው፤ በረኀብና በወረርሽኝ ዘመን ወላጆቹን አጥቶ መነኩሴ ሆኖ ለምኗል። በ1391 ጥፍጥፍ ሻይ ለቤተ መንግሥት በግብርነት መቅረቡ እንዲቀርና እንቡጡ እንዳለ እንዲመጣ አዘዘ። ምክንያቱ የሕዝቡን ድካም ማቅለል ነበር። አዋጁ ብቻውን ሁሉን ለወጠ ማለት አይቻልም፤ ሕዝቡ ያልተጠፈጠፈ ቅጠል አስቀድሞም ይጠጣ ነበር፤ የጂያን እቶኖችም ቀደም ብለው ተዳክመው ነበር። ሆኖም ቤተ መንግሥቱ የጥፍጥፉን ክብር ባነሣ ጊዜ፣ መምቻውም ጥቁሩ ሳህንም ከቻይና ማዕድ ወጡ። ለቃሚው ዐረፈ፤ አንድ ታላቅ ጥበብም ሥራ ፈታ። ሁለቱንም አብሮ መመዘን የታሪክ ተማሪ ግዴታ ይመስለኛል።

ቅጠል ሲዘፈዘፍ መያዣ ይሻል። በጂያንግሱ ግዛት፣ በዪሺንግ፣ ከሐምራዊ ሸክላ የምትሠራው ትንሽ ማንቆርቆሪያ የገነነችው እንግዲህ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቅብ ስለሌላት ሽታ ትይዛለች፤ ስለዚህ ዐዋቂዎች አንዷን ማንቆርቆሪያ ለአንድ ዓይነት ሻይ ብቻ ያውሏታል። በፉጂያንና በቻውጆው ለኡሎንግ ሻይ ቅጠሉን አብዝተው፣ ሊፈላ የደረሰ ውሃ ጨምረው፣ በጥቂት ሰከንድ ይቀዱታል፤ ያንኑ ቅጠል ስድስት ሰባት ጊዜ ይደግሙታል። አረንጓዴ ሻይ ግን ይህን አይችልም። ከተለቀመ በኋላ ወዲያው በሙቀት ስለሚታከም ለስላሳነቱን ይዞ ይቆያል፤ የፈላ ውሃ ያመርረዋል፤ 80 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል፤ ክዳን ያለው ስስ ሲኒም ይስማማዋል። እኛ በተለምዶ የምንጠጣውን ሻይ ቻይናውያን «ቀይ» ይሉታል። ተክሉ ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚለያያቸው በዋናነት ከለቀማ በኋላ ያለው አያያዝ ነው።

ጥፍጥፉም ፈጽሞ አልጠፋም፤ የዩናኑ ፑኧር ዛሬም ተጠፍጥፎ ይሸጣል። ዱቄቱን የመምታቱን ልማድ ደግሞ በሶንግ ዘመን ቻይና የተማሩ የጃፓን መነኮሳት ወደ አገራቸው ወስደውታል። ከእነርሱ አንዱ ኤይሳይ በ1191 ተመልሷል። ከጥቋቁሮቹ የጂያን ሳህኖች ውስጥ ውስጣቸው እንደ ሌሊት ሰማይ የሚያብለጨልጭ ሦስቱ ዛሬ በጃፓን የብሔራዊ ሀብት ማዕርግ ተሰጥቷቸው ይጠበቃሉ። የተሠሩበት እቶን ግን በፉጂያን ኮረብታ ላይ ፍርስራሹና የስብርባሪው ክምር ቀርቷል።