ኪኖዋ በእኛ ድስት



ከመካከላችን የስኳር ሕመም ያለብን፣ ስንዴ የማይስማማንም አለን። «ኪኖዋ ብሉ» ሲሉን ከርመዋል። እስቲ ስለ አሠራሩና ስለ ጥቅሙ እንነጋገር።

ኪኖዋ የቦሊቪያና የፔሩ ደጋ ገበሬዎች ለሺህ ዓመታት ሲዘሩት የኖሩት እህል ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 2013 እ.ኤ.አ.ን የኪኖዋ ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር። እንደ ጤፋችን ግሉተን የለውም። አንድ ኩባያ የበሰለ ኪኖዋ 8 ግራም ያህል ፕሮቲንና 5 ግራም ያህል ፋይበር ይሰጣል።

ፍሬው ላይ ሳፖኒን የሚባል መራራ ነገር ስላለ በወንፊት ደጋግመን እናጥበዋለን። ሽንኩርት በዘይት አቁላልተን አንድ ኩባያ ኪኖዋ፣ ሁለት ኩባያ ውሃና ጨው እንጨምራለን። ሲፈላ ከድነን በትንሽ እሳት 15 ደቂቃ እናበስለዋለን፤ አውርደንም 5 ደቂቃ እንደተከደነ እንተወዋለን። ከዚያ ቲማቲም፣ ቃሪያና ሎሚ እናዋህድበታለን። ሎሚው በእህሉ ያለውን ብረት ሰውነታችን እንዲወስድ ይረዳል። ቡና ግን ይህን ስለሚቀንስ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ብናቆየው ይሻላል።

አንድ አደራ አለን። ኪኖዋ መድኃኒት አይደለም። በአንድ ኩባያ 40 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ስላለው የስኳር ሕመም ያለባት እህታችን መጠኑን ትለካ፤ መድኃኒቷንም በፍጹም አታቋርጥ። ዋጋው ለከበዳትም ጤፍ እንጀራ በምስር ወጥ ያው የጤና ማዕድ ነው።