የቆጡና የብብቱ፦ የአራዳ አሮጌ ፎቅ ቤቶች እና ከአካባቢ ጋር የተስማማ ኑሮ



«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። የዛሬው ንግግሬ በእርግጥም ስለ ቆጥ ነው፤ በአዲስ አበባ አራዳ ከሱቆች በላይ ስለሚገኙት የእንጨት ወለል ያላቸው መኖሪያ ክፍሎች። ከአካባቢ ጋር የተስማማ አዲስ ሕንፃ ለማግኘት ስንጣደፍ፣ በእጃችን ያለውን እንዲህ ያለ ቤት እየጣልን መሆኑን ላስረዳ እወዳለሁ።

ከተማዪቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ አራዳ የገበያዋ እምብርት ሆነ። አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱና የመናዊው ከአገሬው ነጋዴ ጎን ሱቅ ከፈቱ። ቤቶቹም እንደ ነዋሪዎቹ ድብልቅ ነበሩ፦ ምድር ቤቱ ድንጋይ፣ ላዩ እንጨትና ጭቃ፣ ጣሪያው ከውጭ የመጣ ቆርቆሮ፣ ዙሪያው የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች እጅ የሚታይበት በረንዳ። እስከ ዛሬ እንግዳ የሚያስተናግደው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የዚያ ዘመን ምስክር ነው።

ይህ ከአካባቢ ጥበቃ ጋር ምን ያገናኘዋል? በቀዝቃዛ አገሮች አንድ ቤት ከሚያደርሰው ጉዳት ከፍተኛው ድርሻ ለማሞቂያ ከሚነደው ነዳጅ ይመጣል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ አየሯ ለዘብ ያለ ከተማ ናት። የአገራችን ኤሌክትሪክም በአብዛኛው ከውኃ ኃይል ይመነጫል። ስለዚህ የእኛ ሕንፃ ዋናው ዕዳ የሚመዘገበው ሲኖሩበት ሳይሆን ሲሠራ፣ በሲሚንቶውና በብረቱ ነው። የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ከነዳጁ ጭስ ሌላ ከራሱ ከድንጋዩም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ለአንድ ቶን ሲሚንቶ በጥቅሉ ከግማሽ ቶን በላይ ይሆናል። የቆመ ቤት ይህን ዕዳ ዳግመኛ አይጠይቅም።

ሆኖም በእነዚህ ክፍሎች የሚኖረው ሰው ችግር ሊሸፈን አይገባም። መጸዳጃው የጋራ ነው፤ ውኃ በባልዲ ደረጃ ይወጣል፤ ቆርቆሮው ቀን ያግላል፣ ሌሊት ያቀዘቅዛል። እንጨት እሳት እንደሚፈራም በጥር 2007 ዓ.ም. በጣይቱ ሆቴል የደረሰው ቃጠሎ አስታውሶናል። አንዳንዱ ጉዳት ደግሞ በጥገና ስም የመጣ ነው። የጭቃ ግድግዳ እርጥበትን ተቀብሎ መልሶ ይተነፍሳል፤ በሲሚንቶ ሲለሰን ግን እርጥበቱ ውስጥ ይታፈናል፣ ማገሩም ይበሰብሳል።

መፍትሔው ብዙ ርቀት የሚያስኬድ አይደለም። ግድግዳውን በጭቃና በኖራ መለሰን፣ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ሙቀትና ብርድ የሚከላከል እሳት የማይዘው ንብርብር ማስገባት፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን መቀየር፣ አሸንዳና የውኃ ማጠራቀሚያ መትከል ነው። በከተማችን በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይዘንባል። 80 ካሬ ሜትር በሆነ ጣሪያ ላይ ይህ ከ80,000 ሊትር በላይ ውኃ ማለት ነው። አብዛኛው በክረምት ስለሚወርድ ሁሉን ማጠራቀም አይቻልም፤ ለመጸዳጃና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆነውን ግን ማስቀረት ይቻላል።

ታዲያ ይህ ለምን አልተደረገም? የእጅ ሙያ ስለጠፋ ብቻ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ወደ መንግሥት ሲዞሩ፣ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ ተሰጠ። ኪራዩ ለድሃው እፎይታ ነበር፤ ለጥገና ግን አልበቃም። ነገ ስለመኖሩ እርግጠኛ ያልሆነ ተከራይም ጣሪያ አያድስም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ ከግድግዳው ጋር ጉርብትናው፣ ዕድሩና በእግር የሚደረስ የሥራ ቦታ አብረው ሄዱ። ከከተማ ዳር ወደ መሀል በየቀኑ በታክሲ የሚመላለስ ሰው፣ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቤት ቢሰጠው፣ ኑሮው ለአካባቢ የተስማማ ሆኗል ለማለት ይከብዳል።

ፈጽሞ ሊፈርስ የሚገባው ቤት የለም አልልም። የምለው፣ ከመፍረሱ በፊት ይለካ፣ ነዋሪውም ይጠየቅ ነው። ውድ ተማሪዎች፣ አዲስ ንድፍ ከመንደፋችሁ በፊት ሜትራችሁን ይዛችሁ ወደ አራዳ ውጡ፤ ከቀሩት ቤቶች የአንዱን ደረጃ ወጥታችሁ፣ እዚያ ለሚኖሩት እናት ምን እንደሚያስፈልጋቸው ጠይቁ። ቆጡን ለማውረድ እጃችንን ስንዘረጋ፣ በብብታችን ምን እንደያዝን አስቀድመን እንወቅ።