«ጥሩው ኮሌስትሮል» በቁጥር ብቻ አይመዘንም
ለሰበካ ጉባኤያትና ለልማት ኮሚቴዎች በተዘጋጀ የጤና ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር





ዛሬ ልንነጋገርበት የወደድነው በደም ምርመራ ወረቀት ላይ ስለሚገኝ አንድ ቁጥር ነው። አንድ ምእመን ውጤቱን ይዞ ወደ ንስሐ አባቱ ቀርቦ፣ «ጥሩው ኮሌስትሮሌ ከፍ ያለ ነው፤ እንግዲህ መድኃኒቱን ብተወው ምን አለበት?» ብሎ ቢጠይቅ መልሳችን ምን ይሆናል? የምንሰጠው መልስ ነፍስ የሚያተርፍ ወይም የሚያጠፋ ሊሆን ስለሚችል ነገሩን በሚገባ ማወቅ ይገባናል።

ኮሌስትሮል ቅባት እንደመሆኑ በደም ውስጥ ብቻውን ሊጓዝ አይችልም፤ ሊፖፕሮቲን የተባሉ ጥቃቅን ተሸካሚዎች ያስፈልጉታል። ከእነዚህ አንዱ ኤልዲኤል ሲበዛ በደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ እየገባ ይከማቻል፤ ቧንቧውንም ያጠባል። ኤችዲኤል የሚባለው ሁለተኛው ተሸካሚ ግን በግድግዳው ውስጥ ካሉ ሕዋሳት ትርፉን ኮሌስትሮል ተቀብሎ ወደ ጉበት ይመልሳል፤ ጉበትም ከሐሞት ጋር ያስወግደዋል። «ጥሩ» የተባለውም ስለዚህ አገልግሎቱ ነው።

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ በፍራሚንግሃም ከተማ በ1948 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ጥናት፣ የኤችዲኤል ኮሌስትሮላቸው ዝቅ ያለ ሰዎች በልብ ሕመም ይበልጥ እንደሚጠቁ በ1977 አሳየ። ከዚያም በኋላ ብዙዎች ቁጥሩን ከፍ በማድረግ ልብን መጠበቅ እንደሚቻል ተስፋ አደረጉ።

ተስፋው ግን አልሠመረም። ቶርሴትራፒብ የተባለው መድኃኒት ከ15,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ ቁጥሩን በ72 በመቶ ያህል ከፍ ቢያደርግም፣ በሚወስዱት ዘንድ የሞቱት ቁጥር ስለበለጠ ሙከራው በታኅሣሥ 2006 እ.ኤ.አ. ተቋረጠ። በ2012 የወጣ የዘር ውርስ ጥናትም፣ በተፈጥሯቸው የኤችዲኤል ኮሌስትሮላቸውን ከፍ የሚያደርግ አንድ የዘር ለውጥ ያላቸው ሰዎች ከድንገተኛ የልብ ሕመም የተሻለ ጥበቃ እንዳላገኙ አመለከተ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር በአጋሰሶቹ ጀርባ ላይ ያለውን ጭነት ብቻ ይናገራል፤ አጋሰሶቹ ምን ያህል ጊዜ ተመላልሰው ጭነታቸውን እንዳራገፉ አይናገርም። በገበያው መንገድ ላይ ተጭነው የቆሙ አጋሰሶች መብዛታቸው ጎተራው ለመጽዳቱ ማስረጃ አይሆንም።

የኤችዲኤል ብርታት የሚወሰነው በአብዛኛው በተሠራበት ቅባትና ፕሮቲን ስብጥር ነው። ውጫዊ ቅርፊቱ ፎስፎሊፒድ ከተባለ ቅባት፣ ከፕሮቲንና ከጥቂት ኮሌስትሮል የተሠራ ነው። ከሕዋስ የሚወጣውን ኮሌስትሮል ቀድሞ የሚቀበለው ይህ ቅርፊት ስለሆነ፣ በፎስፎሊፒድ የበለጸገው ኤችዲኤል የመቀበል አቅሙ ይበልጣል። በቅርፊቱ ላይ ስፊንጎሲን-1-ፎስፌት የተባለ በመጠን ጥቂት፣ በሥራው ግን ታላቅ የሆነ ቅባትም ይገኛል፤ የደም ቧንቧ ውስጠኛ ሽፋን ጤናማ ሆኖ እንዲቆይ ይረዳል። የልብ ደም ቧንቧ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ኤችዲኤል ላይ ይህ ቅባት አንሶ ተገኝቷል።

ውስጡም እንዲሁ ይለወጣል። በስኳር ሕመምና ከመጠን ባለፈ ውፍረት ጊዜ ኤችዲኤል ኮሌስትሮሉን እየሰጠ በምትኩ ትራይግሊሰራይድ የተባለውን ስብ ይቀበላል። እንዲህ የተለወጠው ተሸካሚ ቶሎ ይፈራርሳል፤ ከደምም በፍጥነት ይወገዳል። ትንባሆም ኤችዲኤልን ይጎዳል።

በአሜሪካ ዳላስ በ2,900 ያህል ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይህንኑ አጠነከረ። ኤችዲኤላቸው ኮሌስትሮልን ከሕዋስ የማውጣት ችሎታው ከፍተኛ የሆነው ሩብ ያህሉ ሰዎች፣ ችሎታው ዝቅተኛ ከሆነባቸው ሩብ ጋር ሲነጻጸሩ፣ በልብ ሕመምና በስትሮክ የመጠቃት ዕድላቸው በ67 በመቶ ያነሰ ነበር። የተለመደው ቁጥር ግን ሌሎች ምክንያቶች ከተስተካከሉ በኋላ እንዲህ ያለ ልዩነት አላሳየም።

ይህን ችሎታ የሚለካው ምርመራ በምርምር ቤቶች እንጂ በተለመዱ ጤና ጣቢያዎች የሚሠራ አይደለም። ስለዚህ በአጥቢያችን ልናደርገው የሚገባን ግልጽ ነው። አንደኛ፣ «ጥሩው ከፍ ብሏል» ብሎ ማንም ሰው ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት እንዳያቋርጥ እንምከር፤ ጾም ሲገባም መድኃኒት የሚወስዱት ሰዓቱን ከሐኪማቸው ጋር፣ ሥርዓቱን ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲመክሩ እናድርግ። ሁለተኛ፣ የደም ግፊት፣ የስኳርና የኤልዲኤል ምርመራ እንዲደረግ ከጤና ጣቢያ ጋር በመተባበር እናመቻች። ሦስተኛ፣ ለሰንበቴና ለዝክር የሚቀርበውን ምግብ እንመልከት፤ የጾም ስለሆነ ብቻ ለልብ ይስማማል ማለት አይደለም። በብዙ ቤት የሚገባው የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኤልዲኤልን የሚያበዛ ስብ ነው፤ የኑግና የሱፍ ዘይት ግን ከዚህ ይሻላሉ። በተቻለ መጠንም ዘይቱን እንቀንስ።

በጎነት በስም ሳይሆን በአገልግሎት እንደሚታወቅ እናንተ ታስተምራላችሁ። የሰበካ ጉባኤ አባላት ብዛት ብቻውን ሥራ መሠራቱን አያረጋግጥም፤ በደማችን ውስጥ ያለው «ጥሩ ኮሌስትሮል»ም እንዲሁ ነው።