ሁለት የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች በዓባይ በረሃ መንገድ



ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚሆነው መንገዱ ውስጥ አስታውሶ የሚያወራው ስለ 40ው ኪሎ ሜትር ነው። ደጀን ላይ ደጋው ያልቅና መንገዱ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ድልድዩን ከተሻገረ በኋላም የወረደውን ያህል እየተጠማዘዘ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። በእያንዳንዱ ወገን ከፍታው ወደ 1,400 ሜትር፣ ርዝመቱም ወደ 20 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን፣ መንገዱ በአማካይ በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ይነሣል። ፍሬን የከዳው፣ ራዲያተሩ የፈላበት መኪና ታሪክ በዚያ አገር ላደገ ሰው እንግዳ አይደለም።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ፣ መኪና ሊገዛ የተነሣ የማርቆስ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ተለውጧል። «በሊትር ስንት ይሄዳል?» የሚለው ቀርቶ «የዓባይን አቀበት ይወጣልን? ከሁለቱስ ማንኛው ይበረታል?» የሚለው መጥቷል። የሚሰጠው መልስ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ይኸውም ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ስንት ሰኮንድ ይፈጅበታል የሚለው ነው።

ለማነጻጸር የሚመቹ ሁለት አውቶሞቢሎች አሉ። አንዱ የቮልስዋገን አይዲ ፎር፣ ሌላው በቻይና ዩዋን ፕላስ፣ በሌሎች አገሮች አቶ ስሪ የሚባለው የቢዋይዲ ሥራ ነው። የሚመቹበትም ምክንያት የሞተራቸው አቅም እኩል መሆኑ ነው፤ ባለ አንድ ሞተሩ አይዲ ፎርም ሆነ አቶ ስሪ 150 ኪሎ ዋት አቅምና 310 ኒውተን ሜትር ጠምዛዥ ኃይል አላቸው። ይሁንና የመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 8.5 ሰኮንድ ሲፈጅበት፣ ሁለተኛው በ7.3 ሰኮንድ ይደርሳል። ልዩነቱ ከየት መጣ? ከነሾፌሩ አይዲ ፎር ወደ 2,124 ኪሎ ግራም፣ አቶ ስሪ ወደ 1,825 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ክብደቱን ለክብደቱ፣ ሰኮንዱንም ለሰኮንዱ ቢያካፍሉት በሁለቱም ወገን የሚገኘው 1.16 ነው። የኒውተን ሁለተኛ ሕግ በፋብሪካ መግለጫ ላይ እንዲህ ጥርት ብሎ የሚነበብበት ጊዜ ብዙ አይደለም። (ሽምጠጣ የሚለው የፊዚክስ ቃላችን ፈረስን ሽምጥ መጋለብን ያስታውሳል፤ ሸክም የበዛበት ፈረስ እንደማይሸመጥጥ ደግሞ ባላገሩ ከኒውተን አስቀድሞ ያውቀዋል።)

ከፍታው ለሁለቱም አያዳላም። ደብረ ማርቆስ ባለበት ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከአቅሙ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ምንም አይጎድልበትም።

አሁን አራት ሰዎችና ዕቃቸው ተጭነው አቶ ስሪ 2,050፣ አይዲ ፎር 2,350 ኪሎ ግራም ሆኑ እንበል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄዱ አቀበቱን ለመውጣት የመጀመሪያው ወደ 24፣ ሁለተኛው ወደ 27 ኪሎ ዋት ይበቃቸዋል። ይህ ካላቸው 150 ኪሎ ዋት አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። «ይወጣልን?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ከባድ መኪና ለመቅደም ከ30 ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማሳደግ ቢያስፈልግ፣ አማካይ ሽምጠጣቸውን ይዘን ስናሰላው አንዱ ወደ 3.1፣ ሌላው ወደ 3.7 ሰኮንድ ይፈጅበታል። በዚያ ጥምዝምዝ መንገድ ላይ ከግማሽ ሰኮንድ እምብዛም ያልዘለለ ልዩነት ማንንም ሊያኮራ አይገባም፤ ከፊት የሚመጣውን ማየት የማይችል ሾፌር በሁለቱም አይቅደም።

ከባትሪው የሚጠፋውን ስናይ ደግሞ ደረጃው ይገለበጣል። አቀበቱ ከአቶ ስሪ ወደ 10.5፣ ከአይዲ ፎር ወደ 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል። የመጀመሪያው ባትሪ ግን የሚይዘው ወደ 60፣ የሁለተኛው ወደ 77 ኪሎ ዋት ሰዓት ስለሆነ፣ ቀላሉ ከስንቁ ከ17 በመቶ በላይ፣ ከባዱ ወደ 16 በመቶ ያወጣል። በሩጫው የተሸነፈው በስንቁ ቀደመ ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ቁልቁለቱ ነው። መኪናው ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ የቁልቁለቱን ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ በስሌት ከአቶ ስሪ ወደ 5፣ ከአይዲ ፎር ወደ 6 የሚጠጋ ኪሎ ዋት ሰዓት ይገኛል። ነገር ግን የሞላ እንስራ ውሃ አይጨመርበትም። ከደብረ ማርቆስ ባትሪውን ሞልቶ የተነሣ ሰው ደጀን እስኪደርስ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚነዳ ቦታ ያገኛል። ደጀን ላይ አድሮ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪውን የሞላ፣ በማለዳም ቁልቁል የወረደ ሰው ግን ሞተሩ ሊይዝለት አይችልም፤ የሚቀረው የእግር ፍሬን ብቻ ነው። ያን ጊዜ ለግማሽ ሰዓት በሚዘልቀው ቁልቁለት በፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ሙቀት፣ ለከባዱ መኪና፣ አራት የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣዶች በአንድነት ተጥደው የሚሰጡትን ያህል ነው።

ሁለቱ የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። አቶ ስሪ በአራቱም ጎማ የዲስክ ፍሬን አለው። አይዲ ፎር የኋላ ጎማዎቹ በታምቡር ፍሬን ነው የሚያዙት፤ ፋብሪካው ይህን የመረጠው አብዛኛውን የመያዝ ሥራ ሞተሩ ስለሚሠራው ነው። ታምቡር ደግሞ ሙቀቱን እንደ ዲስክ ቶሎ አያስወጣም። በሌላ በኩል የቮልስዋገን ምክር ለዕለት አገልግሎት ባትሪውን እስከ 80 በመቶ ብቻ መሙላት ስለሆነ፣ ምክሩን የሚጠብቅ ባለቤት ቁልቁለቱን ባዶ ቦታ ይዞ ይጀምራል። የብረት ፎስፌት ባትሪ ያለውን አቶ ስሪ ግን በየጊዜው እስከ 100 መሙላት ይመከራል፤ ባለቤቱም ልማዱ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ በየትኛውም መኪና ቢሆን ከደጀን ወይም ከጎሐ ጽዮን ጫፍ የሚነሣ ሾፌር ባትሪው ከ85 በመቶ በላይ እንዳይሆን አድርጎ ይነሣ። ሊወርድ ሲልም የመያዣውን ማርሽ ይምረጥ፤ አይዲ ፎር ላይ «ቢ» የሚለው፣ አቶ ስሪ ላይ ከፍተኛው የመልሶ መሙያ ደረጃ ነው። በመጀመሪያው ጥምዝ ላይ መኪናው ራሱን ሲይዝ ካልተሰማው፣ ድልድዩ ገና 1,400 ሜትር ከታች ሳለ ዳር ይዞ ይቁም።